ስልሳ የሥራ ቀን

ውድ እህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የመስቀል ሰሞን «አዲሱ የሠራተኛ አዋጅ የሕመም ፈቃድ ቀነሰ ይባላል፣ እውነት ነው እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ተቀይማኛለች እንዳትዪ። ታምሜ ነበር።

የሐሞት ጠጠር ነው አሉኝ። ኅዳር ላይ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፣ ሌሊት ጎኔን ወጋኝ። ሲነጋ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ወንድሜ በማግሥቱ ለሱፐርቫይዘሬ ደወለላት፤ ሕጉም በማግሥቱ አሳውቁ ነው የሚለው። ከዚያ ቁስሉ አመረቀዘና ሰባ ቀን ቤት ዋልኩ።

የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሙሉ ገባልኝ። የሁለተኛው ወር ግን ግማሽ! ተሳስተዋል ብዬ ጎኔን ይዤ የቢሮውን ደረጃ ወጣሁ። የኤች አሯ (የሰው ኃይል ክፍሏ) ልጅ አዋጁን አውጥታ በጣቷ እያሳየች አነበበችልኝ። አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ። ተከታትሎም ይሁን ተቆራርጦ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም።

«አዲሱ ለውጥ ይሄ ነው?» አልኳት። ሳቀችብኝ። በድሮው አዋጅ በ377/1996ም እንዲሁ ነበር ለካ። እኔና አንቺ ታመን ስለማናውቅ ነው። ነሐሴ 2011 የወጣው አዲሱ አዋጅ 1156ማ ሌላውን ጨምሮልናል፤ የዓመት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን፣ ወሊድ ከ90 ወደ 120 ቀን፣ ለአባትየውም 3 ቀን።

መሀል ላይ እናቴ ጻድቃኔ ማርያም ወስዳኝ ሁለት ሱባኤ ተጠምቄያለሁ። የእናቴን ነገር ታውቂያለሽ፣ እምቢ አይባልም። ስመለስ «የዚያን ጊዜ ሲክ ሊቭ ወረቀት አምጪ» ተባልኩ። ከጤና ተቋም ካልሆነ አይሠራም፤ ጠበል ደግሞ ማህተም የለውም! ደግነቱ ሐኪሙ የጻፈልኝ የእረፍት ቀን እነዚያንም ይሸፍን ነበር። ያቺን ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ ጡቴ ሥር ይዣት ስዞር ከርሜ፣ ማህተሟ ለቆ ሐምራዊ እድፍ ሆኗል። ልጅቱ ወደ መስኮቱ ይዛት ሄዳ አገላብጣ አገላብጣ አየቻት። እኔ ትንፋሼን ውጬ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ፋይሉ ውስጥ አስገባችልኝ።

ስለዚህ ቀነሰ ያሉሽ ተሳስተዋል። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። በታናሼ ነው የገባኝ።

እሷም እኛው ፋብሪካ ገብታ ነበር። ስምንተኛ ሳምንቷ ላይ ታይፎይድ ጣላት። የሕመም ፈቃድ መብት ያለው ደግሞ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሰው ነው። በኛ ጊዜ ሙከራው 45 ቀን ነበር። 46ኛው ቀን ላይ ቡና አፍልተን ፈንዲሻ የበተንነው ትዝ ይልሻል? አሁን 60 የሥራ ቀን ሆኗል። እሁድ እሁዱን ስታወጪ አሥር ሳምንት ነው። በድሮው ቢሆን ታናሼ ካለፈች ቆይታለች። በአዲሱ ግን «ለሥራው አልሆንሽም» ብለው ያለ ማስጠንቀቂያ አሰናበቷት። ፈቃዱን ማንም አልነካውም፤ በሩን ግን ወዲያ አራቁት። የምሳ ሰዓት ወሬው ሁሉ ስለ 16ቷ ቀን ነው፣ ይቺን አንስቶ የሚያወራ እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን ሌላ ፋብሪካ ገብታለች። ከበሩ ጀርባ በእስክሪብቶ እየጫረች ትቆጥራለች፤ ዛሬ 41 ደርሳለች። ትናንት ሌሊት ስታስል ሰማኋት። እንዳልሰማት ጋቢው ውስጥ ፊቷን ቀብራ ነው የምትስለው። ዝንጅብል አፍልቼ ወሰድኩላት። «ብርድ ነው፣ ምንም አልሆንኩም» አለችኝና ብርጭቆውን ተቀበለችኝ። ሲነጋ ከኔ ቀድማ ወጥታለች።

አንቺም እንደኔ እንዳትጠፊ። ልጅሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው