ለመጥለቅ ሮሌክስ ግድ አይደለም

ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ ባለፈው ስለ ውድ ሰዓቶች ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ አሪፍ ነው። ግን ዳይቪንግ ሰዓት (ውሃ ውስጥ ለሚጠልቅ ሰው የሚሰራው) ላይ ስትደርሱ ሮሌክስ ሰብማሪነር ብቻ ትክክለኛው ነው፣ ርካሹ ለታይታ ነው አይነት ነገር ብላችኋል፣ እሱ ላይ አልስማማም። ሰዓት እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፣ ሁለቱንም ስለማውቃቸው ትንሽ ልበል።

በርካሹ በኩል ካሲዮ ዱሮን እንውሰድ። ቢል ጌትስ እጅ ላይ ታይቶ የተወራለት እሱ ነው፣ ሰውዬው ሮሌክስ መግዛት አቅቶት አይመስለኝም። ካሲዮው ውጭ አገር መቶ ዶላር አይሞላም፣ ሰብማሪነር ደግሞ አዲሱ ከ9 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ያውም ሱቅ ገብተህ ከፍለህ አትወጣም ተመዝግበህ ትጠብቃለህ። ውሃ የሚቋቋሙበት ልክ ካሲዮው 200 ሜትር ይላል፣ ሮሌክሱ 300። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል አይደል? ግን ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ወሰኑ 40 ሜትር ነው። የዓለም ሪከርድ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ግብጻዊው አህመድ ጋብር የአየር ጋን ተሸክሞ ቀይ ባህር ዳሃብ ላይ የወረደው፣ 332 ሜትር ነው። እና ቢሾፍቱ ሪዞርት ሄዶ ፑል ውስጥ ለሚንቦጫረቅ ሰው 300 ሜትር ምን ይሰራለታል? ራሱ ሰብማሪነር እ.ኤ.አ. በ1953 ሲጀመር 100 ሜትር ነበር እኮ፣ ማንም የውሸት ነው አላለውም።

ሰዓት አክባሪነትማ ከተነሳ ርካሹ ያሸንፋል። ካሲዮው በባትሪ የሚሰራ ኳርትዝ ነው፣ ቢቀድም ቢዘገይ በወር 20 ሰከንድ ነው። ሮሌክስ ደግሞ በቀን 2 ሰከንድ ነው የሚለው፣ ያለ ባትሪ በእጅ እንቅስቃሴ ለሚሞላ ኦቶማቲክ በጣም ምርጥ ነው ግን በወር ሲደመር እስከ 60 ሊደርስ ይችላል። ዙሪያውን ያለው፣ ውሃ ውስጥ የቆየህበትን ደቂቃ የምትለካበት ቀለበት ሁለቱም ላይ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚዞረው፣ ምክንያቱም ውሃ ውስጥ ተነክቶ ቢንቀሳቀስ የቆየህበትን ጊዜ አብዝቶ ያሳይሃል እንጂ አይቀንስብህም፣ ቶሎ ትወጣለህ ማለት ነው። አሁን አሁን ጠላቂዎቹም ዋናውን ሂሳብ ለዳይቭ ኮምፒውተር (ጥልቀቱንና ጊዜውን ለሚያሰላው መሳሪያ) ትተውታል፣ ሰዓቱ መጠባበቂያ ነው።

ሮሌክስ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ቀለበቱን ስታዞረው ያለው ድምጽ ሌላ ነው፣ 120 ቦታ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል ምንም አይወዛወዝም፣ ቀለበቱ ሴራሚክ ነው መስታወቱ ሰፋየር ነው ቶሎ አይጫርም፣ የካሲዮው መስታወት ግን አጥር ግድግዳ ከነካ ተጫረ በቃ። ሮሌክስ ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል፣ ብትሸጠውም ገንዘብህ ብዙም አይጎዳም። ማሽኑን ከፍቶ ለሚያይ ሰው ደግሞ እውነት ለመናገር ያስቀናል። ግን ይሄ ሁሉ ስለ ውሃ አይደለም፣ ስለ ክብር ስለ ጥራት ስለ ደስታ ነው፣ እንደዛ ብላችሁ ብትጽፉ እኔም አልከራከርም ነበር።

ውሃ የሚያስቆመው ዋጋው ሳይሆን ጎሚኒው ነው። ከኋላ ክዳኑ ስር አንድ ቀጭን ጥቁር ጎሚኒ አለ፣ ሰዓቱን የምታስተካክልበት የጎኑ ቁልፍ ውስጥም አለ። መንገድ ላይ ባትሪ ያስቀየረ ሰው ጎሚኒው ተጣሞ ወይ ደርቆ ሳያየው ክዳኑ ይገጠምለታል፣ ከዛ ሻወር ሲገባ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ይይዘዋል፣ ከዛ ካሲዮ የማይረባ ነው ይላል። ሮሌክስም ጎሚኒው ካረጀ ያው ነው፣ የሱ ደግሞ ኦሪጅናል ዕቃ ለማንኛውም ሰፈር ጠጋኝ ስለማይሸጥ ጣጣው ይበዛል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ኮፒው ነው። እኔ ጋ ሮሌክስ ተብሎ የሚመጣው አብዛኛው ኮፒ ነው። ላዩ ላይ 300 ሜትር ተጽፎበታል፣ ከፍተህ ስታየው ጎሚኒው እንደ ክር የቀጠነ፣ ቁልፉ ሲጠብቅ ጥርሱ የማይዝ። በዛ ብር ሁለት ሶስት ኦሪጅናል ካሲዮ ይገዛ ነበር። ጽሁፋችሁን አንብቦ ሮሌክስ ካልሆነ የሚል ልጅ ቀጥታ የሚሄደው ወደዚህ ኮፒ ነው፣ 9 ሺህ ዶላር ከየት ያመጣል?

ስለዚህ በሚቀጥለው ስለ ሰዓት ስትጽፉ እባካችሁ ኮፒ እንዴት እንደሚለይ፣ ባትሪ ሲቀየር ጎሚኒው አብሮ መታየት እንዳለበት፣ የውሃ ግፊት መፈተሻ ማሽን ያለው ቤት ፈልጎ ማስፈተሽ እንደሚያስፈልግ አንድ ሁለት አንቀጽ ጨምሩበት።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ