ልጄ፣ ስለ መድኃኒቴ አትስጊ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጎንደር ሰላም ነው፣ እናትሽም ናፍቃሻለች። ባለፈው በስልክ ያነሳሽው ነገር ከንክኖኛል። ለፓርኪንሰን በሽታዬ የምውጠው ሌቮዶፓ ቶሎ ከተጀመረ ኋላ አይሠራም ብለው አስፈርተውሻል።

እንደዚያ አይደለም። በፓርኪንሰን፣ ሰውነት እንደልብ እንዲንቀሳቀስ የሚረዳውን ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚሠሩት የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ሌቮዶፓ አንጎል ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል፣ አብሮት ያለው ካርቢዶፓ ደግሞ መንገድ ላይ እንዳይባክን ይጠብቀዋል፣ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል። በሽታውን አያድንም። ግን የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ ቆልፌ ፒያሳ ድረስ በእግሬ የምሄደው በእሱ ነው፣ ታዲያ ለነገ ብዬ ዛሬ ለምን ልቀመጥ?

እየቆየ የሚገፋው በሽታው ነው። ሴሎቹ ሲያንሱ ዶፓሚኑን የሚያከማችም ያንሳል፣ ስለዚህ የሚቀጥለው ክኒን ሰዓት ሳይደርስ የፊተኛው ጉልበት ያልቃል። ያኔ ሐኪሙ ሰዓቱን ያቀራርባል፣ ወይም እንደ ራሳጊሊንና ፕራሚፔክሶል ያለ ሌላ የፓርኪንሰን መድኃኒት ይጨምርበታል። ፕራሚፔክሶል አንዳንዱን ሰው ወደ ቁማርና ልክ ወደሌለው ግዢ ይገፋዋልና፣ ከታዘዘልኝ ጠባዬን ተከታተሉ። ትራይሄክሲፌኒዲል ለመንቀጥቀጥ ይረዳል የሚሉኝ አሉ፣ እውነት ነው፣ ነገር ግን በእኔ ዕድሜ ሐሳብን ያምታታል፣ ሽንትም ይከለክላል፣ እኔ አልፈልገውም።

ሰዓቱን ግን አላዛባም። ሥጋም ሆነ ሽሮ ፕሮቲን አለው፣ ከመድኃኒቱ ጋር ይሻማል፣ ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ በውኃ እውጠዋለሁ። በጾምም ያው ነው፣ የንስሐ አባቴን አማክሬ ፈቅደውልኛል።

አሁን አደራ የምልሽ። አሞኝ ሆስፒታል ብገባ ለትውከት ፕላሲል እንዳይሰጡኝ ቀድመሽ ንገሪ፣ ሜቶክሎፕራማይድ የሚሉት እሱ ነው፣ የዶፓሚንን ሥራ ይዘጋዋል። መድኃኒቴንም በአንዴ እንዳያስቆሙኝ፣ ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይገትራል፣ ትኩሳት ያመጣል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። አንዳንዴ እዚህ መድኃኒት ቤት ይጠፋል፣ አዲስ አበባ ስታገኚ ሳያልቅብኝ ላኪልኝ። የሌቮዶፓውም የካርቢዶፓውም መጠን ማዘዣው ላይ እንዳለው ይሁን፣ ፎቶውን ወንድምሽ በቴሌግራም ይልክልሻል። ለጥምቀት ስትመጪም ይዘሽልኝ ና።

አባትሽ