እሱማ አስተማሪ ነው

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ ጠንቶብናል። ትልቁ ልጄ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ይፈተናል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቡችላም አሳድጉልኝ ብላ አስቸግራናለች።

ዓይንዎ እንደባሰበት እህቴ ነገረችኝ። ዳዊቱን ገልጠው፣ ገጹን በእጅዎ እየዳሰሱ በቃልዎ ይደግማሉ አሉ። ስሰማ ሆዴ ባባ።

የሰኞ ዳዊት ከ1 እስከ 30 መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያው ቃል «ብፁዕ» ነው። እማዬ ገብስ ስትቆላ፣ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጬ «ብፁዕ ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁዎ። «እግዚአብሔር በስሙ የሚያውቀው ሰው ነው» አሉኝ። ከዚያ የአልዓዛርን ታሪክ ነገሩኝ። ወንጌሉ በደጅ የወደቀውን ድሃ በስሙ ይጠራዋል። ቀይ ልብስ የሚለብሰውን ግን «አንድ ባለጠጋ» ብሎ ያልፈዋል።

ይህን የምታነቢላቸው የእህቴ ልጅ፣ ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

የእማዬ ተዝካር ዕለት የንስሐ አባታችን ማን እንደደገሰ ጠየቁ። እርስዎ የታናሼን ስም ጠርተው በሬውን ቆጠሩ፣ ድንኳኑን ቆጠሩ። የሱ መኪና ደጅ ቆሟል። የንስሐ አባታችን «ታላቁስ?» ሲሉ እርስዎ «እሱማ አስተማሪ ነው» አሉ። ስሜን አልጠሩም። ጠላ እየቀዳሁ ነበር፤ ጣሳው እጄ ላይ ቀረ። ክረምቱን ሙሉ እማዬን ሌሊት ሌሊት ያገላበጥኳት እኔ ነበርኩ፣ አባዬ።

ሁለት ፋሲካ የቀረሁት መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬዎት ነበር። አንዱ እውነት ነው። ሁለተኛው ኩርፊያ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ወንድሜን አልጠላውም። ሀብትም ኃጢአት ነው አልልም። ዘኬዎስ ሀብታም ነበር፤ ጌታ ግን ዛፍ ላይ እንዳለ በስሙ ጠርቶ ቤቱ ገባ። እኔን የሚቆረቁረኝ እርስዎ በሰጡኝ ሚዛን መኖሬ፣ እርስዎ ደግሞ በሌላ ሚዛን መመዘንዎ ነው። ደመወዜ ወር አይደርስም። ግን ባለፈው ሰሞን ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ዲያቆን ሆኖ ቅዳሴ ላይ መልእክት ሲያነብ ሰማሁት። አንዲት ቃል አልሳተም። የዚያን ዕለት በማንም አልቀናሁም።

አሁን ወደ ዓይንዎ ልመለስ። ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ አይፍሩ። ወንድሜ አዲስ አበባ ላሳክማቸው ብሏል። ከፈለጉ ከሱ ጋር ይሂዱ፣ አልቀየምም። እኔ ዘንድ ከመጡ ግን ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለቀንልዎታል። ከመሐል ሜዳ በማለዳ አይሳፈሩ። ጣርማበር ላይ ጉሙ ከባድ ነው፤ ረፈድ ሲል ይሁን። በርኖስዎንና የግፊት መድኃኒትዎን አይርሱ።

ብቻ ከሕክምናው በፊት ይመርቁኝ። በስልክም ቢሆን። ቢዘገይ ብዬ እፈራለሁ። ሲመርቁኝ ያወጡልኝን ስም ይጥሩ።

ታላቁ ልጅዎ