የዕለት ቃል ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን ሥራ ከውጭ ለሚያየው ትንሽ ነው። አባላቱ ከባንዲራ ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር ባለችው አምስት ደቂቃ ደብተራቸውን አውጥተው ለራሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ዓመቱን ሙሉ የደከምነው ያ ዓረፍተ ነገር ምን ዓይነት ይሁን በሚለው ላይ ነው።

መስከረም ላይ አዲስ አባል የሚጽፈው ይታወቃል፦ «ጎበዝ ነኝ»፣ «አንደኛ እወጣለሁ»፣ «ምንም አያቅተኝም»። ልማዱ የቆየ ነው። በፈረንሳይ ናንሲ ከተማ ይሠራ የነበረው ፋርማሲስት ኤሚል ኩዌ (እ.ኤ.አ. 1857–1926) ሰዎች በየቀኑ በሁሉም ረገድ እየተሻላቸው መሆኑን ጠዋትና ማታ 20 ጊዜ ለራሳቸው እንዲናገሩ ያስተምር ነበር። ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸውም 20 ቋጠሮ ያለበት ክር እንደ መቁጠሪያ እንዲይዙ ይመክር ነበር።

እኛ መደጋገሙን ትተናል። ጆአን ውድ የተባሉ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ምክንያቱን ያሳያል። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ተሳታፊዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ሲደጋግሙ፣ ካልደጋገሙት እኩዮቻቸው የባሰ ስሜት ተሰማቸው። ጥቂት የጠቀመው ቀድሞውኑ ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸውን ነው። ይህ ለመምህር ቀላል ነገር አይደለም፤ ማበረታቻው ይበልጥ የሚያስፈልገውን ልጅ ሊጎዳ ይችላል ማለት ነውና። በሒሳብ 38 ያመጣች ተማሪ «ሒሳብ ጎበዝ ነኝ» ብላ ስትጽፍ ውስጧ ወዲያው ይሟገታታል፤ 38ቷም ትዝ ትላታለች።

ስለዚህ ስለ ማንነት ሳይሆን ስለ ሥራ እንጽፋለን። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል፤ ለአንድ ሳምንት አንድ ገጽ። ከላይ ግቡ በቁጥርና በቀን ይጻፋል፦ «ከሚድ እስከ ፋይናል ሒሳብን ከ38 ወደ 55»። ከሥሩ እንቅፋቱ፤ እዚህ ላይ ተማሪው እውነቱን ካልጻፈ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የዕለቱ ቃል ይመጣል፤ እንቅፋቱን ከሚደረገው ነገር ጋር ያስራል። «መብራት ከጠፋ፣ ማታ ያላነበብኩትን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አነባለሁ።» «ጥያቄ ሲከብደኝ መጀመሪያ የተሰጠውንና የተፈለገውን ለይቼ እጽፋለሁ።» ይህን ዓይነቱን «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ በስፋት ያጠኑት ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር ናቸው። የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ውሳኔው አስቀድሞ ስላለቀ እንቅፋቱ ሲመጣ «ምን ላድርግ?» የሚል ማመንታት አይኖርም።

ከገጹ ግርጌ ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት መስመር አለ። ተማሪው ቃሉን በየጠዋቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋል፤ አጠገቡ ትናንት የሠራውን ያሰፍራል፦ «ከ4 እስከ 9 ሠራሁ፤ 7ኛው አልወጣልኝም።» በእኛ እምነት የደብተሩ ዋና ጥቅም ይህች መስመር ናት። ቃሉን የሚያሳምነው ማስረጃ ከራሱ እጅ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቃሉ በሌላ ሰው ላይ ሲንጠለጠል። «አንደኛ እወጣለሁ» በሌሎቹ ውጤት ይወሰናል፤ «በቀን አምስት ጥያቄ እሠራለሁ» ግን በራስ እጅ ነው። ሌላው «አልዘገይም»፣ «ስልክ አልነካም» የሚል አጻጻፍ ነው፤ ምን እንደማይደረግ እንጂ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። «ከምሳ በኋላ ስልኬን ለእናቴ ሰጥቼ 30 ደቂቃ ባዮሎጂ አነባለሁ» ሲባል ይስተካከላል። ሦስተኛው የዓርብ ሙሌት ነው። አምስቱ መስመሮች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት እጅ ጽሑፍ ተሞልተው ሲገኙ ሳምንቱ በአንድ ጊዜ መጻፉን ገጹ ራሱ ይናገራል። ደንባችን ያመለጠ ቀን ባዶ ይቀመጥ የሚል ነው። ባዶው መስመር የትኛው ቀን እንደሚከብድ ስለሚያሳይ ቃሉን ለማስተካከል ይረዳል። ሁለት ሳምንት ያልሠራ ቃል ይቀየራል ወይም ይቀነሳል፤ 30 ደቂቃው 10 ይሆናል።

ከላይ ያለውን ግብና እንቅፋት ማንም አያነብም፤ የገጹ አናት ይታጠፋል። ጥንድ ሆነው የሚሠሩት ጓደኛሞች የሚያዩት የግርጌውን መስመር ብቻ ነው። ቤታቸው ያለውን ችግር የሚጽፉ ልጆች ስላሉ በዚህ ላይ ጥብቅ ነን።

ከሚድና ከፋይናል በፊት ደግሞ ለ15 ደቂቃ ያህል ሌላ ጽሑፍ አለ። ተማሪው ቤተሰብ፣ እምነት፣ ጓደኝነት፣ ሙዚቃ ከመሳሰሉት ለእርሱ ትልቅ ዋጋ ያለውን መርጦ ለምን እንደሆነ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄፍሪ ኮኸንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ 7ኛ ክፍሎች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን የመሰለ አጭር ጽሑፍ የጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎችን ውጤት ከፍ አድርጎ ነበር። በሌሎች ትምህርት ቤቶች ሲደገም ውጤቱ አንዳንዴ አነስ ብሏል፤ አንዳንዴም አልታየም። እኛም የፈተና ውጤት በዚህ ተነሣ አንልም፤ ውጤትን የሚቀይረው ነገር ብዙ ነው። ያየነው ለውጥ በደብተሩ ላይ ነው፦ መስከረም ላይ «ጎበዝ ነኝ» ይል የነበረው ገጽ ግንቦት ላይ ሰዓት፣ ቦታና የጥያቄ ቁጥር ይዟል።

የመጪው ዓመት ምዝገባ መስከረም ላይ ክፍል እንደተጀመረ ነው። ተመዝጋቢው አንድ ደብተርና ሊያሻሽለው የሚፈልገውን የአንድ ትምህርት ውጤት ይዞ ይምጣ። ሁለት ወይም ሦስት ግብ በአንድ ጊዜ አንቀበልም።