የኦንላይን ኮርስ ክፍል ሲገባ መምህሩ አይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

«ሙክ» በሚል ምህጻር የሚታወቁትን፣ ማንም ሰው በነጻ የሚመዘገብባቸውን ክፍት የኦንላይን ኮርሶች ወደ ትምህርት ቤት ማስገባት ይገባል የሚለው ሐሳብ ተደጋግሞ ይሰማል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። የምቃወመው ተማሪን አስመዝግቦና ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ «ተማሩ» ማለትን ነው።

ኮርሶቹ የተሠሩት በራሱ ተነሳስቶ ለሚማር አዋቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በነጻ በለቀቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ 160,000 ያህል ሰዎች ቢመዘገቡም፣ የጨረሱት ከ20,000 ብዙም አይበልጡም። ከዚያ ወዲህ በመጡት በአብዛኞቹም ከአሥር ተመዝጋቢ አንዱ ከጨረሰ ጥሩ ነው፤ ያም የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ ዲግሪ ያለው ሰው ነው። የ15 ዓመት ልጅ ብቻውን ይወጣዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

መምህር ሲኖርና ሳይኖር ምን እንደሚሆን በአሜሪካ የሚገኘው የሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሙከራዎች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 መገባደጃ ኤምአይቲ የተባለውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ኮርስ ኤድኤክስ ከተባለው የኦንላይን ኮርስ ድረ ገጽ ወሰደ። ተማሪዎቹ ቪዲዮውን ቤታቸው አይተው ይመጡና ክፍለ ጊዜውን ከመምህራቸው ጋር በቡድን ጥያቄ ይሠሩበት ነበር። ከ60 በመቶ በታች የነበረው የማለፍ መጠን ከ90 በመቶ በላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዩዳሲቲ ከተባለ ሌላ የኦንላይን ኮርስ አቅራቢ ጋር ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆኑ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ኮርሶችን ሰጠ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ተካፍለውበታል። የማጠቃለያ ፈተና ከወሰዱት ከግማሽ በላይ ወደቁና ፕሮግራሙ በዓመቱ አጋማሽ ቆመ። ተማሪዎቹም ትምህርቱም ስለሚለያዩ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ አይቻልም። ሆኖም ተማሪው ሲደናቀፍ አጠገቡ ማን እንደነበረ በደንብ ያሳያሉ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መምህሩ ኮርሱን ራሱ ይውሰደው፤ መልመጃዎቹንም አንድ በአንድ ይሥራ። ከዚያ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር የሚገጥመውን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት የሚሸፍን ክፍል ቆርጦ ያውጣ። ሙሉውን ኮርስ ለማስጨረስ የሚሞክር ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የኮርሱ ሳምንታት ከትምህርት ቤቱ ፈተናና ዕረፍት ጋር አይገጥሙምና። መድረኩ፣ ማለትም ኮርሱን የሚያቀርበው ድረ ገጽ፣ በነጻ የሚያስገባበት ጊዜ የተወሰነ መሆኑንና የዕድሜ ገደቡንም (ብዙ ጊዜ 13 ዓመት ነው) አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከ6 ደቂቃ ያልበለጠ ቪዲዮ ይበቃል። ኤድኤክስ ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናትም ተመልካቾች ከዚያ የረዘመውን ሳይጨርሱ እንደሚተዉት አሳይቷል። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ደብተሩ ላይ ያስፍር። ከዚያ ቪዲዮው ይከፈት። ለምሳሌ በቪዲዮው ያለው አስተማሪ x² − 5x + 6 = 0ን ሊፈታ ጀምሮ (x − 2) ብሎ ሲጽፍ ቪዲዮውን ማቆም፣ ሁለተኛውን ቅንፍ ተማሪዎቹ እንዲሞሉ ማድረግ፣ ከዚያ መቀጠል። (x + 3) ብሎ የጻፈ ልጅ ምልክቱ ላይ እንደተሳሳተ መምህሩ በዴስኮቹ መካከል ሲዘዋወር ያየዋል፤ ቪዲዮው ግን አያየውም። 15 ደቂቃ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጥያቄ ይሥሩ፣ 10 ደቂቃ ይወያዩ፣ በቀረችው ጊዜ እያንዳንዱ ያልገባውን አንድ ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይስጥ። የነገው ትምህርት የሚጀምረው ከእነዚህ ወረቀቶች ነው።

የኮርሱ ቋንቋ ለተማሪዎቹ ከባድ ከሆነ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቁልፍ ቃላት አስቀድሞ ማስጠናት፣ የግርጌ ጽሑፉን መክፈትና ፍጥነቱን ወደ 0.75 መቀነስ ይረዳል።

ብዙ ዕቅድ የሚከሽፈው በኔትወርክ ነው። በ480 ጥራት የ6 ደቂቃ ቪዲዮ 30 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። 40 ተማሪ በየራሱ ስክሪን ሲከፍተው 1.2 ጊጋባይት ይሆናል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከከፈቱት ደግሞ መስመሩ ይታነቃል። አንድ ጊዜ አውርዶ በፕሮጀክተር ማሳየት 30 ሜጋባይት ብቻ ይፈልጋል። ኮሊብሪ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የካን አካዳሚን (ነጻ የቪዲዮ ትምህርት የሚያቀርብ ድርጅት ነው) እና የሌሎችን ትምህርቶች በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ያዳርሳል። ሲወርድ ግን ፈቃዱ ይታይ፦ የኤምአይቲ ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ የሆነው ኦፕን ኮርስዌር ምንጩን ጠቅሶ ለትርፍ ላልሆነ ሥራ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ የብዙዎቹ የንግድ መድረኮች ቪዲዮ ግን አይፈቀድም።

ውጤት አሰጣጡ ላይ በተለይ ጥንቃቄ ይደረግ። በራሱ የሚያርመው ኩዊዝ ደጋግሞ መሞከር ስለሚፈቅድ አማራጮቹን እየነካ 100 የሚያገኝ ልጅ አይጠፋም። በተቃራኒው ትክክለኛውን መልስ 1/2 ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ሥርዓቱ 0.5ን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ዜሮ ያገኛል። ስለዚህ የመድረኩ ነጥብም ሰርተፊኬቱም ወደ ማርክ መዝገብ አይግባ። መምህሩ ቁጥሮቹን የቀየረባቸውን አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ይስጥና የአሠራሩን ደረጃ አይቶ ያርም።

ትምህርት ቤቶች ለዚህ ሥራ በጀት ሲይዙ ከታብሌት ግዢ አስቀድመው ለመምህሩ የዝግጅት ሰዓት ይመድቡ። ለመጀመሪያው ዙር በሳምንት ከሦስት ሰዓት ያነሰ አይበቃውም፤ ያ ሰዓት ከማስተማር ጭነቱ ላይ ይቀነስለት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ መምህር