ማሽን ሳትነካ ስለምትሠራው ጠረጴዛ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ያን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን ድንገት ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የኑሮውን ወሬ ስንገናኝ እናወጋዋለን። ዛሬ ስለ ጠረጴዛህ ልጻፍልህ። በመጋዝ፣ በመላጊያና በመሮ ብቻ ልሠራው ነው ማለትህ ወድጄልሃለሁ። የላክልኝን ንድፍ ግን አልወደድኩትም። ማሽን ላለው ሰው የተሠራ ንድፍ ነው።

ማሽን ያለው ሰው ጣውላውን በሁሉም ጎን ቢልገው ምንም አይመስለው። አንተ ግን ሞተርህ ክንድህ ነው። ስለዚህ ስታቅድ መጀመሪያ የቱ ገጽ መስተካከል እንዳለበት ለይ። እግሮቹ ላይ አግዳሚው (ከፊቱ ሥር እግርን ከእግር የሚያያይዘው እንጨት) የሚገጥምባቸው ሁለት ገጾች ቀጥ ያሉና እርስ በርስ 90 ዲግሪ የሆኑ ይሁኑ። የቀሩት ለዓይን ካማሩ ይበቃል። የጠረጴዛው ፊት ከሥር በኩልም አግዳሚው ላይ ካልተንገዳገደ ተወው። ማን ጎንበስ ብሎ ሊያየው!

እንጨቱን ስትገዛ የደረቀና ከምትፈልገው ውፍረት ብዙ ያልራቀ ምረጥ። 5 ሳንቲ ጣውላ በእጅ ልጎ 2 ሳንቲ ማድረግ ቅጣት ነው።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ። አንተ ጣውላውን በሙሉ ልገህ ልትቆርጥ አስበሃል። ገልብጠው። መጀመሪያ ከልኩ ሁለት ሦስት ሳንቲ አስረዝመህ ቁረጥ፣ ከዚያ ላግ። ለምን መሰለህ? 2 ሜትር ጣውላ መሀሉ 1 ሳንቲ ጎብጧል እንበል። ጉብጠቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ፣ ለሁለት ስትቆርጠው እያንዳንዱ ላይ የሚቀረው 2.5 ሚሊ ያህል ብቻ ነው። ግማሽ አይደለም፣ ሩብ! አንድ ጊዜ መጋዝ በመሳብ የስንት ሰዓት ላብ ተረፈልህ።

ሜትሩንም ቶሎ አስቀምጠው። አንድ ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት ፈልግና የእግሩን ቁመት፣ የአግዳሚውን ርዝመት፣ አግዳሚው እግሩ ውስጥ የሚገባበትን የቀዳዳ ቦታ ሁሉ እሱ ላይ ምልክት አድርግ። ከዚያ ልክህን ከእሱ ብቻ ውሰድ። አራቱን እግሮች ደግሞ ጎን ለጎን አጣብቀህ እሰርና ባንዴ አስምርባቸው። ሁሉም 2 ሚሊ ቢያጥሩ ችግር የለውም፤ አንዱ ብቻውን ካጠረ ግን ጠረጴዛህ ሲወዛወዝ ይኖራል። የመቁረጫውን መስመር በእርሳስ ሳይሆን በቢላ አድርገው። መሮህ ጫፉን የሚያሳርፍበት ጭረት ያገኛል።

የመጋጠሚያው ነገር። ቀጥኖ የሚወጣው የአግዳሚው ጫፍ ወንዴ፣ እሱ የሚገባበት የእግሩ ቀዳዳ ሴቴ ይባላል። የወንዴው ውፍረት የአግዳሚው አንድ ሦስተኛ ይሁን ይባላል፤ እውነት ነው። እኔ ግን መሮህ ይወስን እላለሁ። 10 ሚሊ መሮ ካለህ ቀዳዳውም 10 ሚሊ ይሁን፣ 9 ብለህ አትሰቃይ። መጀመሪያ ሴቴውን ቦርቡር፣ ከዚያ ወንዴውን እየላግህ በልኩ አስገባው። ወንዴውን ማሳነስ ቀላል ነው፤ የሰፋ ቀዳዳ ግን አይጠብም። የእግሮቹን ጫፍ ከላይ በኩል 2 ሳንቲ ያህል አስረዝመህ ተው። ቀዳዳው ለጫፉ ቅርብ ስለሆነ በመዶሻ ስትመታ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ኮላው ከደረቀ በኋላ ትርፉን ትቆርጠዋለህ።

የጠረጴዛውን ፊት አግዳሚው ላይ በኮላ ልለጥፈው ያልከውን ግን እባክህ ተው! እንጨት በቁመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ጠፍረህ ከያዝከው ይሰነጠቃል። በቡለን እሰረው፣ የቡለኑን ቀዳዳ ግን በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ አድርገው። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ሰርስረህ መሀሉን በመሮ ማንሳት ነው።

መሳቢያውን ለጊዜው ሰርዘው። መጀመሪያ አራት እግር ይቁም።

ስትመልስልኝ የመሮዎችህን ስፋትና የጣውላውን ውፍረት ጻፍልኝ፤ የመጋጠሚያውን ልክ አብረን እናወጣለን። ድንጋይህንም ከአጠገብህ አታርቅ፣ ስለቱ ሲደነዝዝ ቶሎ ሳለው።

ያንተው ወዳጅ