ዌራ ስሙን አልጣለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጀርመኗ ሙንደን ከተማ የወጣውን የጉዞ ጽሑፍ ቡናዬን እየጠጣሁ አነበብኩት። ጸሐፊው ከተማዋን በደንብ አይቷታል። ዌራና ፉልዳ የተባሉት ወንዞች መገናኛ ላይ ያለውን የድንጋይ ጽሑፍ እንዳለ ማመኑ ብቻ ከነከነኝ።

ድንጋዩን አውቀዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 የቆመ ነው። ዌራና ፉልዳ ሲሳሳሙ ሁለቱም ስማቸውን ያጣሉ፣ ከመሳማቸውም ዌዘር ይወለዳል ይላል። ግጥሙ ያምራል፤ ታሪኩ ግን ግማሽ ነው።

ካሰል ከፉልዳ ዳር መኖር ከጀመርኩ 31 ዓመቴ ነው። 22ቱን ከባድ መኪና ነዳሁ፤ ከዌራ ሸለቆ የፖታሽ ማዳበሪያ ጭኜ ብሬመን ወደብ አደርስ ነበር። ድልድዮቹ ላይ የወንዙ ስም ተጽፏል፤ ከሙንደን በላይ «ዌራ»፣ ከሙንደን በታች «ዌዘር»። ለዓመታት ሁለት ወንዝ መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ ስም ነው!

ሮማውያን ቪሱርጊስ ይሉት ነበር፤ በጥንቱ ጀርመንኛ ደግሞ ዊሴራ። ከላይ ያሉት ሰዎች «አሃ» ጨመሩበት። ውሃ ማለት ነው፤ ከላቲኑ «አኳ» ጋር ይዛመዳል። እነሱ አፍ ላይ «ሰ» በ«ረ» ተዋጠችና ዌራ ሆነ። ወደ ባሕሩ ያሉት «ሰ»ን አልለቀቁም፤ ድምፁ ቢላላም ዌዘር ብለው ቀሩ። የሁለቱ ቀበልኛ ድንበር የሚያልፈውም እዚያው ሙንደን አካባቢ ነው። ስሙን የለወጠው የሰው አፍ ነው እንጂ መሳሳም አይደለም።

ይቺ «አሃ» ዛሬም አጥራ በየሰሌዳው አለች። ሽታይናኽ ድንጋያማ ውሃ፣ ሽቫርዛኽ ጥቁር ውሃ ነው። ሐዋሳ ላደግሁት ለእኔ የመጨረሻው ትርጉም አላስፈለገውም፤ ከከተማችን መግቢያ ያለውን ጥቁር ውሃን ስንቴ ተሻግሬዋለሁ። ሙንደን የሚለውም ከወንዞቹ አፍ፣ ከመገናኛቸው የመጣ ነው። ራይንና ሞዘል የሚገናኙባት ኮብሌንዝም ያው መገናኛ ናት፤ እሷን የሰየሟት ግን በላቲን ነው።

እንግዲህ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የተጓዘው ዌራ ስሙን እንደያዘ ሰሜን ባሕር ይገባል። በትክክል ስሙን ያጣው የእኔው ጎረቤት ፉልዳ ነው፤ 220 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ ሙንደን ላይ ይቀራል። እርማት ካወጣችሁ የእሱን ነገር አትርሱብኝ።

ጡረተኛ ሹፌር
ካሰል፣ ጀርመን